የአይሮፕላን አመል፤ ከአምባሰል ሰማይ እስከ ጊምቢቹ ማሳ

በአምባሰል በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶና ሰኰናዋን መርምሮ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ኮርቻ ጭኖ ይቀመጥባታል፤ ዳገት ያስወጣታል፣ ቁልቁለት ያስወርዳታል፤ ልጓሙን ሳብ ሲያደርግ የምትቆም፣ ላላ ሲያደርግ የምትራመድ እንደ ሆነ ይሞክራል። ጉልበተኛና ፈጣን ሆና ሳለች ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ልጓም የምትነክስ በቅሎ አለችና። ሻጩ ስለ ጉልበቷ ቢያወራም ገዢው አጥብቆ የሚጠይቀው ስለ አመሏ ነው።

አይሮፕላንም እንዲሁ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ችሎታው ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ይፈጥናል፣ ምን ያህል ይሸከማል፣ በስንት ሜትር መንደርደሪያ ይነሣል የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን መሪውን ለያዘው ሰው እጅ እንዴት ይታዘዛል የሚለው ነው። ትንሽ ሲስቡት ትንሽ፣ ብዙ ሲስቡት ብዙ ይመልሳልን? መሪውን ቢለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይስ እየባሰበት ይሄዳል? ወደ አደጋ ሲቃረብ አስቀድሞ ይናገራል ወይስ ድንገት ይከዳል? ይህን ሁለተኛውን ነገር በዚህ ጽሑፍ የአይሮፕላን አመል ብዬ እጠራዋለሁ። አመልን በበረራ የመፈተን ዘዴ የመቶ ዓመት ያህል ታሪክ አለው። ከዚህም ታሪክ እጅግ መራራ የሆነው ክፍል የተጻፈው በእኛው አገር ማሳ ላይ ነው።

ጥናቱን የጀመርኩት ግን ከዚያ አልነበረም። የሐይቅ ልጅ እንደ መሆኔ ያሰብኩት በ1928 ዓ.ም. በሐይቅና በአምባሰል ሰማይ ስላለፉት ጥቂት አይሮፕላኖች ለመጻፍ ነበር። ፈረንጅ በዝቅተኛ ሜዳ ሞክሮ የሚልክልን ማሽን በእኛ ደጋ አየር ላይ ሌላ አመል ያወጣል፤ ችግሩም ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር የተነሣሁት። ይህ ሐሳብ እስከ አንድ ቦታ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ስሕተት ሆኖ አገኘሁት፤ እንዴት እንደ ሆነ በቦታው እገልጻለሁ።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ሲሆን አብራሪው አንድሬ ማዬ ይባል ነበር። ጥቂት ቆይቶ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ብዙ ሳይቆይም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ጊዜ አይሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ሲያንዣብብ፣ ለአብዛኛው ወታደር እንዲህ ያለ ነገር በሰማይ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

እነዚህ ማሽኖች በተሠሩበት አገር የተሞከሩ ናቸው። የተሞከሩትም ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። ደሴ ግን ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ የሐይቅ ውሃ ራሱ፣ ቆላ የሚመስለን፣ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። በ2500 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ጭነት ለመሸከም 13 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። ሲያርፍም በዚሁ ልክ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሜዳው ላይ ሊበርድ የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት በ28 በመቶ ያድጋል። አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ደግሞ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል። ይህ ሁሉ የችሎታ ነገር ነው። ከአመል ወገን የሚታየው ረቀቅ ያለ ነው፤ አብራሪው በመለኪያው ላይ ያንኑ ፍጥነት እያየ ሲበር፣ መሪው በእጁ የሚሰማው ክብደት ቆላ ካለው አይለይም። አይሮፕላኑ በነፋስ ተመትቶ መወዛወዝ ሲጀምር ግን ሳስቶ ያለው አየር ውዝዋዜውን ቶሎ አያበርደውም። እጁ ምንም ለውጥ ሳይሰማው ማሽኑ ግን ትዕግሥቱ አንሷል ማለት ነው።

በ1928 ዓ.ም. የጦርነቱ ማዘዣ ደሴ በነበረ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የነበሩት አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ አየር ኃይሉን ይመራ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሄንክል ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ያመላልስ ነበር፤ ይህችም አይሮፕላን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ በጣሊያን ቦምብ ጠፋች። ደሴ ራሷ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ መደብደቧን ብዙ ጊዜ ስለ ተጻፈበት አልመለስበትም።

ከደሴ ወደ ኮረም የሚበር ሰው የሐይቅን ውሃ በቀኙ፣ የአምባሰልን ገደል በግራው ያገኛል። ይህን መንገድ በእግሩ የሄደ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ሽቅብ የሚነሣውን ነፋስ ያውቀዋል። ነፋሱ ገደሉን ታክኮ ይወጣል፤ ከአፋፉ በላይ ተገልብጦ ይወርዳል። በጨርቅና በእንጨት የተሠራ አይሮፕላን ሞተሩ ሩቡን ኃይል አጥቶ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ፣ አብራሪው እያንዳንዱን ጉዞ እንደ አዲስ ሙከራ ይቆጥረው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በመዝገብ የተያዘ ፈተና ግን አልነበረም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ የዘውድ በዓሉ ሊከበር ጥቂት ሲቀረው፣ ከሐርለም የመጣው ሂዩበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ የጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን ሲከሰክሳት፣ ጥፋቱ የሰውዬው ነው ወይስ የማሽኑ የሚለው ክርክር በወሬ ቀረ። ያ አይሮፕላን በአዲስ አበባ ከፍታ እንዴት እንደሚታዘዝ አስቀድሞ የለካ አልነበረምና ዳኛ የሚሆን ቁጥር አልተገኘም።

በዚህ ዘመን አንድ ማሽን ብቻ በዚሁ አገር አየር ተሠርቶ በዚሁ አየር ተሞከረ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» ናት። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ሲሰላ ከ90 በታች ይሆናል። የፀሐይ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጣሊያኖች ማርከው ስለ ወሰዷትና በጥር 2016 ዓ.ም. ስለ መመለሷ ነው። ለኔ ግን የሚበልጠው ሌላ ነው። ሠሪው፣ አብራሪውና የሚሞከርበት ሰማይ አንድ ቦታ ላይ ነበሩ። መሪው ከበደ ወይም ቀለለ ቢባል በዚያው ቀን ወደ መሥሪያው ገብቶ ማረም ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገራችን የምታበረው ሁሉ በሌላ አገር የተፈተነ ነው፤ ስለዚህ አሁን ፈተናው ወደሚደረግበት አገር ልሻገር።

በአሜሪካ በመጀመሪያው ዘመን ዘዴው ጥያቄና መልስ ብቻ ነበር። አብራሪው አንድ ዙር በርሮ ይወርድና «መልካም ነው» ወይም «አፍንጫው ይከብዳል» ይላል። ሌላው አብራሪ በዚያው ማሽን በርሮ ተቃራኒውን ይናገራል። መሐንዲሱ ከሁለቱ ማንን እንደሚያምን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤድዋርድ ዋርነርና ፍሬድሪክ ኖርተን ይህን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ሞከሩ። አይሮፕላኑን በልዩ ልዩ ፍጥነት እያስበረሩ መሪው የት ቦታ ላይ እንደ ተያዘና እጅ ምን ያህል እንደ ሳበ መዘገቡ። ለመለኪያም እንደ ገበያ ሚዛን በሽቦ ጥምጥም የሚሠራ መሣሪያ በቂ ነበር። በቅሎ ገዢው በክንዱ የሚያውቀውን እነርሱ በፓውንድ ጻፉት።

ነገሩ ሕግ የሆነው ቀስ ብሎ ነው። ዋርነር በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ለአንድ ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን የሚፈለገውን አመል በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሮበርት ጊልሩት የተባለ ወጣት መሐንዲስ ብዙ ዓይነት አይሮፕላኖችን በአንድ ዓይነት ዘዴ አስፈተነ። የእጅን ኃይል፣ የመሪን ቦታ፣ የማሽኑን መዞርና መፍጠን በአንድ ጊዜ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን አስገጥሞ፣ አብራሪዎቹ የሚሉትን ከሚመዘገበው ጋር አስተያየ። እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመው ዘገባው አንድ አይሮፕላን ምን ዓይነት አመል ሊኖረው እንደሚገባ በቁጥር የደነገገ ነው። ይኸው ጊልሩት ኋላ ሰው ወደ ጨረቃ የላከውን ማዕከል የመራ ነው። ጨረቃ ላይ መድረሱ ስሙን አገነነው፤ እኔ ግን ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚሳፈርበትን ነገር ያስተካከለበት ዘገባ ይበልጥብኛል።

ዘዴው ምን ይመስላል? ፈታኙ አብራሪ አይሮፕላኑን በአንድ ፍጥነት ያረጋጋና መሪውን ቢለቅ እንኳ ዝም ብሎ እንዲሄድ ሚዛኑን ያስይዘዋል። ከዚያ ሚዛኑን ሳይነካ መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በየደረጃው ስንት ፓውንድ እንደ ሳበ ይመዘገባል። በአሜሪካ ሕግ ለትልልቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖች የተደነገገው፣ ፍጥነቱ በ6 ኖት በራቀ ቁጥር ቢያንስ 1 ፓውንድ፣ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት፣ በእጅ ላይ እንዲጨምር ነው። ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አብራሪው መለኪያውን ባያይ እንኳ ከሚዛኑ መራቁን ክንዱ እንዲነግረው ነው። እንደዚሁም አይሮፕላኑን በመዞር ላይ እያጠበቀ ያጠማዝዘዋል። በጠበቀ ቁጥር መሪው ይበልጥ ሊከብድ ይገባዋል፤ በመካከል ቢቀልል ግን ያለ አብራሪው ፈቃድ ራሱን ወደ ባሰ ጥምዝ ሊስብ ይችላል። ደግሞም መሪውን ነካ አድርጎ ለቆ ውዝዋዜው በስንት ጊዜ እንደሚበርድ ይቆጥራል። በመጨረሻም ክንፉ እስኪከዳ ድረስ አፍንጫውን ቀስ በቀስ ያነሣል፤ ከመክዳቱ በፊት ማስጠንቀቂያ መኖሩን፣ ከከዳም በኋላ አፍንጫው በራሱ መውረዱን ያያል።

ቁጥሩ ሁሉ ተሰብስቦ ግን የሰውን ቃል ሊተካ አልቻለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 ፈታኝ አብራሪው ጆርጅ ኩፐርና ሮበርት ሃርፐር የአብራሪን ፍርድ ራሱን ሥርዓት አስያዙት። ከ1 እስከ 10 የሚደርስ ማዕርግ ሲሆን፣ 1 እጅግ የተመቸ፣ 10 ከእጅ የወጣ ማለት ነው። ወደ ቁጥሩ የሚደረሰው ሦስት ጥያቄ በተራ በመመለስ ነው። ማሽኑን መቆጣጠር ይቻላል ወይ? በሚቻል ድካም የሚፈለገው ሥራ ይከናወናል ወይ? ያለ ማሻሻያ አጥጋቢ ነው ወይ? የዚህ ማዕርግ ብልኅነት ድካሙን መጠየቁ ነው። አንድ ማሽን ሥራውን በትክክል ሊሠራ ይችላል፤ የሚያሠራው ሰው ግን ላቡ እየተንጠፈጠፈ ከሆነ ማዕርጉ ይወርዳል። ድክመቱም አለ፤ ማዕርጉን የሚሰጠው ፈታኝ አብራሪ ነው። እርሱ ዛሬ ምን ብልሽት እንደሚመጣበት ቁርሱን ሲበላ ያውቃል። መንገደኛ ጭኖ የሚበረው ሰው ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ወደ ከፍታው ነገር ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጊምቢቹ ላይ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ በደጋ አየር ሳይሞከር የመጣ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። መዝገቡን ስመለከት ግን ይኸው ዓይነት አይሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2016 ላፓዝ፣ ቦሊቪያ ተወስዶ ተሞክሯል። የላፓዝ አይሮፕላን ማረፊያ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ቦሌ 2334 ሜትር ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ደጋችንን ረስቶታል የሚለው ክሴ በዚህ ቦታ ፈረሰ። የተረሳው ሌላ ነገር ነው።

ማክስ የአንድ አሮጌ አይሮፕላን አዲስ ትውልድ ነው። የመጀመሪያው 737 እ.ኤ.አ. በ1967 ሲበር ሞተሩ ቀጭን ነበር። አዲሱ ሞተር ነዳጅ ቆጣቢ ቢሆንም ወፍራም ስለሆነ ከክንፉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ተሰቀለ። አፍንጫው በጣም ሲነሣ ይህ ወፍራም የሞተር ልባስ ራሱ እንደ ትንሽ ክንፍ ይሸከማል። በዚያን ጊዜ መሪው እየከበደ መሄድ ሲገባው ቀለል ማለት ይጀምራል። ከላይ እንዳልኩት ይህ ሕግ የሚከለክለው አመል ነው። ነገሩ በመጀመሪያ የታየው በነፋስ መሿለኪያ ሙከራ፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚደረግ ጥብቅ ጥምዝ ነበር። መንገደኛ የጫነ አይሮፕላን እንዲህ ያለ ጥምዝ ውስጥ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው።

መድኃኒቱ ኤምካስ የተባለ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ነበር። አፍንጫው ከመጠን በላይ ሲነሣ የጅራቱን አግድም ክንፍ በራሱ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ይደፋዋል፤ መሪውም የከበደ ይመስላል። በመጀመሪያ ይህ ትእዛዝ የሚሠራው ሁለት ምስክር ሲገኝ ነበር፤ አንዱ ክንፉ ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚለካ፣ ሌላው የጥምዙን ጥብቀት የሚለካ። ጅራቱንም ከ0.6 ዲግሪ በላይ አያንቀሳቅስም ነበር። በ2016 የበረራ ሙከራ ሲጀመር ግን ፈታኞቹ በዝቅተኛ ፍጥነትም፣ ክንፉ ሊከዳ ሲቃረብ፣ መሪው እንደሚገባው እንደማይከብድ አገኙ። ስለዚህ ኤምካስ በዚያም እንዲሠራ ተደረገ። በዝቅተኛ ፍጥነት የጥምዝ ጥብቀት ስለማይኖር ሁለተኛው ምስክር ተሰናበተ፤ የጅራቱም እንቅስቃሴ እስከ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ። ከዚህ በኋላ አንድ የማዕዘን መለኪያ ብቻውን ቢዋሽ አይሮፕላኑን ደጋግሞ አፍንጫውን መድፋት ይችላል። በአንድ ምስክር ፍርድ መስጠት በእኛ አገር ሽማግሌ ዘንድ እንኳ ነውር ነው።

እዚህ ላይ ፈተናው ምን እንደ ጠየቀና ምን እንዳልጠየቀ ልብ ይበሉ። ኤምካስ በትክክል ሲሠራ የመሪው ክብደት ሕጉን ያሟላል ወይ? ይህ ተጠየቀ፤ መልሱም አዎን ሆነ። ኤምካስ ሳይፈለግ ቢነሣ አብራሪው ያቆመዋል ወይ? ይህም በሲሙሌተር ተጠየቀ። ነገር ግን የተሞከረው ጅራቱ ብቻ ተንቀሳቅሶ፣ ሌላው ሁሉ ሰላም ሆኖ ነው። የማዕዘን መለኪያው ሲዋሽ አብሮ የሚመጣው፣ ማለት የመሪው መንቀጥቀጥ፣ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች አለመስማማት፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሁሉ፣ በአንድነት ለአብራሪው እንዳልቀረበ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ገልጿል። የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በሲሙሌተር አንድ የኩባንያው ፈታኝ አብራሪ ለዚህ ብልሽት መልስ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ እንደ ወሰደበትና ሁኔታውን «እልቂት» ብሎ እንደ መዘነው አውጥቷል። ማስጠንቀቂያው ከዚያ ዓመት ጀምሮ በመዝገብ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ የኤምካስ ስም አብራሪዎች ከሚማሩበት መጽሐፍ እንዲወጣ ተደረገ። እኔ የውጫሌ ጎረቤት ነኝ። ውጫሌ በአምባሰል ምድር ያለች ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ እንደ ተጻፈ በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። ሠሪው የሚያነበውና አብራሪው የሚያነበው መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ ሲለያዩ ሳይ፣ የመጣብኝ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ አፄ ምኒልክ የሁለቱን ጽሑፍ ልዩነት አውቀው መልስ ለመስጠት ጊዜ አገኙ።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማክስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ካፒቴኑ 8122 ሰዓት የበረረ ሰው ነበር። ከመሬት እንደ ለቀቀ በግራ በኩል ያለው የማዕዘን መለኪያ 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ 15.3 ነበር። በ74.5 ዲግሪ የሚበር መንገደኛ አይሮፕላን የለም፤ ኮምፒዩተሩ ግን አመነው። የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ ፍጻሜው ገደማም አላቆመም። የክንፉ መዘርጊያዎች እንደ ተሰበሰቡ ኤምካስ አፍንጫውን ደፋ። ሠራተኞቹ በማሳሰቢያው እንደ ታዘዘው የጅራቱን የኤሌክትሪክ ኃይል አጠፉት። ከዚያ በኋላ ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው በጉልበታቸው አጠገብ ያለው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ብቻ ነው።

መንኰራኵሩ አልዞረም። ምክንያቱም ይህ ነው፤ የሞተሩ ኃይል ለመነሻ እንደ ተሰጠ ስለ ነበረ ፍጥነቱ ከተፈቀደው 340 ኖት አልፎ ነበር። ሁለቱም መሪውን ወደ ራሳቸው በሳቡ መጠን የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፋይ ነፋሱን ይመታዋል፤ ይህም ግፊት አግድሙን ክንፍ ባለበት ያነቀው ነበር። አፍንጫውን ለማቆየት መሳብ አለባቸው፤ መሳባቸው ደግሞ መንኰራኵሩን ያከብደዋል። በቀድሞ ዘመን መጻሕፍት ለዚህ ዘዴ ተጽፎ ነበር፤ መሪውን ለጥቂት ጊዜ ለቀቅ አድርጎ፣ አፍንጫው ሲወርድ መንኰራኵሩን ማዞር፣ እንደ ገና መሳብ። ይህ ዘዴ ግን ከፍታ ይፈልጋል፤ ከበታቻቸውም የነበረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲበራ ኤምካስ እንደ ገና ደፋው። በተነሣ በስድስት ደቂቃ ገደማ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፋራ አጠገብ ወደቀ። የ157 ሰው ነፍስ ጠፋ።

መለኪያው ለምን ዋሸ በሚለው መርማሪዎች አልተስማሙም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ዘገባ የኤሌክትሪክ ብልሽት መሆኑን ሲያመለክት፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ወፍ መትቶት መሆኑን ይገምታሉ፤ ደግሞም የሞተሩ ኃይል አለመቀነሱንና የሠራተኞቹን አያያዝ አንሥተዋል። ይህን ክርክር ለመዳኘት የሚያስችል እውቀት የለኝም። ነገር ግን በአመል ታሪክ ዓይን ሲታይ፣ የሞተሩን ኃይል ለምን አልቀነሱም የሚለው ጥያቄ ራሱ ፈተናው ሊጠይቀው የሚገባ ነበር። መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ደወሉ እየጮኸ፣ ሁለት ሰው በሙሉ ክንዱ እየሳበ፣ የቀረው እጅና የቀረው ሐሳብ ምን ያህል ነው? የኩፐርና የሃርፐር ሁለተኛ ጥያቄ፣ «በሚቻል ድካም» የሚለው፣ ስለዚህ ነበር።

ከአደጋው በኋላ ማክስ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ፤ ኤምካስም ተለወጠ። አሁን ሁለቱን መለኪያዎች ያስተያያል፤ ካልተስማሙ አይነሣም፤ ቢነሣም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው ይችላል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን የአውሮፓ መርማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ነው። ኤምካስን አጥፍተው በረሩ። ያገኙትንም ሲገልጹ፣ አይሮፕላኑ ያለ ኤምካስም የተረጋጋ መሆኑን፣ አፍንጫውንም በራሱ ወደ ላይ የማንሣት ጠባይ እንደሌለው ተናገሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው አመል፣ ያ የመሪ መቅለል፣ ሕግን የሚጥስ እንጂ ሰው የሚገድል አልነበረም። የገደለው መድኃኒቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 አዲሱ የሥልጠና ደንብ በጋትዊክ፣ ለንደን አጠገብ፣ በሲሙሌተር ሲመዘን ፈታኝ አብራሪዎች ብቻ እንዲመዝኑት አልተደረገም። ልምዳቸው ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ተራ የአየር መንገድ አብራሪዎች ተጠርተው ተቀመጡበት። ይህ ከመቶ ዓመቱ ዘዴ ትልቁ ለውጥ ይመስለኛል። አብራሪዎቹ የተመረጡት ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከብራዚልና ከአውሮፓ ኅብረት ነበር፤ አይሮፕላኖቹ ከወደቁባቸው ከሁለቱ አገሮች የተጠራ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አሜሪካ እገዳውን አነሣች። ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ መንገደኛ አገልግሎት መለሰ፤ በዚያ ቀን ከቦሌ ሲነሣ መሪውን የያዙት አብራሪዎች ኤምካስን በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ ተምረው ነበር።